ሽታዋን ያመጣ ይውሰደኝ

ሰኔ 4

ቆንጥሬ፣

«የኔን ጽጌረዳ ሽታ ከልጆቼ በአንዱ ግቢ ባገኘው እኮ፣ ነገ ዛሬ ሳልል ጠቅልዬ እገባ ነበር!»

ይህን ያለችው እናታችን ናት። ለኔ አይደለም ያለችው፤ በአጥር ላይ ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊዋ ነው። እኔ ተሰናብቻት ልወጣ መስኮቱ ሥር ጫማዬን አስር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ልሰማ ብዬ አልሰማሁም። ደግሞ ጮክ ብላ ነበር የምትናገረው፤ የስፌት መኪናው ጩኸት አስቸግሯት ይመስለኛል። መኪናው በዚያን ሰዓት ቆሞ እንደነበር ትዝ የሚለኝ አሁን ስጽፍልሽ ነው፤ ቢሆንም በጥቃቅን ነገር አላደክምሽም።

ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ፤ ድንጋጤው ነው። እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽ አናጢው ደህና ነው? የተራራው ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከሙቀቱና ከብቸኝነቱ በስተቀር ደህና ነኝ። ከሁለቱ ሌላ እዚህ ቆላ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ገና አልደረስኩበትም።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሽኛል። ስልክ ላይ ስንጣላ ነው የምንውለው። ወረቀት ላይ ግን አንዳችን ስንናገር ሌላው ወዶም ሆነ ተገዶ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አምና ከደረጃው ስትወድቅ ለመንናት፣ እምቢ አለች። ዘንድሮ ድስቱ እሳት ላይ ከስሎ፣ ልብስ ሰፊዋ ከአጥር ማዶ ሸቷት እየጮኸች ስትደርስ፣ እሷ እዚያው ወጥ ቤቱ በራፍ ላይ ሹራቧን ትሠራ ነበር። መርሳት ጀምሯታል ብለን እንደገና ለመንናት፤ «እኔ የረሳሁት ነገር ቢኖር እናንተን መቆጣት ነው» አለችን። ይኸውልሽ፣ ያ ሁሉ ልመና ያልፈታውን አንድ አበባ ሊፈታው ነው። አንዱን ጫማዬን ሳላስር ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

አፍንጫዋን ታውቂዋለሽ። ልጆች ሳለን አዲስ ቁጥቋጦ ባበበ ቁጥር አሰልፋ «አሽትቱና ምን ምን እንደምትል ንገሩኝ» ትለን አልነበር? ሁላችንም የተስማማንባትን ታስቀርና ያልተስማማንባትን ትነቅላለች። እሷ እያወቀች እኛን የምትጠይቀው ለማስተማር ነበር። እንዲህ ያለ የማስተማር ዘዴ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም።

እንግዲህ ከሁለታችን ሽታዋን ያመጣ ይውሰዳት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህ ቤት ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። ከራሴ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ፤ የከፋው ደግሞ መልሱ አይጥመኝም። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ እንድትሸነፊልኝ ነው።

ወንድምሽ


ሰኔ 21

ወንድም ጋሼ፣

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ደብዳቤህን አንብቤ ለሁለት ቀን ያህል የምሠራበትን የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ቴርሞሜትር እያየሁ የማነበው ሌላ ነገር ነበር። አለቃዬ «ዛሬ ተራራው ላይ ሙቀት ገብቷል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አከታትለህ በላክኸው ማስታወሻ ለጠየቅኸኝ መልስ፦ የለም፣ ባሌን አላማከርኩትም፤ ነገርኩት እንጂ። አዎ፣ ልጆቹ የለቀቁት ክፍል ባዶ ነው፣ ቀለም ተቀብቷል፣ አልጋውም ዝቅ ብሏል። የለም፣ አልሸነፍልህም። አንተ ብቻህን ስለሆንክ ነው የምትፈልጋት፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አኩርፌያት ኖሬ፣ ለመታረቅ ጊዜ እንዳያጥረኝ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ እሷ ትፍረድ።

«ከራሷ ቁጥቋጦ ቆርጠን ብንተክልስ?» ላልከው፣ ረሳኸው እንዴ? ስንት ጊዜ ወስደን ሞክረናል! የሷ ከተማ ሙቀትም ብርድም የማያበዛ፣ አማካይ ነው። ያቺው ጽጌረዳ አንተ ጋ ስትደርስ ያረረ ስኳር፣ እኔ ጋ ስትደርስ ባዶ ውሃ ሆነች። አበባ እንደ ሰው ነው፤ አገር ሲቀይር ጠባይ ይቀይራል። ስለዚህ የሷን ራሷን ሳይሆን፣ በየአየራችን የሷን የምትመስለውን ነው የምንፈልገው።

ለአንተ፦ ቅጠሏ ወፍራም፣ አበባዋ ብዙ ድርብ የሆነችውን ፈልግ፤ ስስ የሆነችው ረፋድ ላይ ሽታዋን ፀሐይ ይጠጣዋል። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኛት ቦታ ትከላት፣ ሥሯን በደረቅ ሣር አልብሳት፣ ውሃ ቅጠሏ ላይ አታፍስስ። ከሁሉ በላይ ግን በራሷ ሥር የቆመችውን ግዛ። ሻጮቹ የመልካሟን እምቡጥ በጫካ ጽጌረዳ ሥር ላይ አጣብቀው የሚሸጡት አለ፤ እሷን አደራ አትንካ። አየህ፣ ተፎካካሪዬን እየመከርኩ ነው። የዋህ ነኝ ማለት ነው።

እህትህ


መስከረም 22

ቆንጥሬ፣

አዎ፣ የመጀመሪያዋ ሞታለች። ሐዘንተኛ አታድርጊኝ፤ በቂ ሐዘን አለኝ። የለም፣ ከቅጠሏ ላይ ውሃ አላፈሰስኩም፤ ባልዲው ነው ያመለጠኝ።

ሁለተኛዋን ከምሥራቁ ግንብ ሥር ተከልኳት። ሻጩ በራሷ ሥር ትቁም አትቁም ስጠይቀው «ጋሼ፣ በራሷ ሥር ያልቆመ ምን አለ?» ብሎ መለሰልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ አልከራከርም። ገዛኋት።

አበበች! ሮዝ ናት፣ መሐሏ ጠቆር ይላል። ጎህ ሲቀድ ሽታዋ በር ሳያንኳኳ ይገባል፤ ረፋድ ላይ ግን ወረቀት ናት። ስለዚህ ገና ጤዛ ሳይለቃት ቆርጬ፣ ግንዷን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልዬ፣ በማር ብርጭቆ ከድኜ ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠሁት።

«ሙሽራ አለ እንዴ፣ አባባ?» አለኝ።

«ለእናቴ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና «እናት አለዎት?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የተናደድኩትን ያህል ኮራሁ።

ፍርዱን ልብስ ሰፊዋ በስልክ ነገረችኝ። እናታችን ብርጭቆውን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ረጅም ትንፋሽ ስባ፣ መጀመሪያ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋም «ኧረ ጠንከር ያለች ናት!» አለች። እናታችን ራሷን ነቀነቀች፦ «ጥሩ ናት። ግን አይደለችም። የኔ ቀስ ብላ ነው የምትመጣው፤ ይቺ ትሮጣለች።»

ይህን ስሰማ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልክ ናት እኮ! ጠዋት ላይ እኔም የጎደለውን ነገር ስፈልግ ነበር፤ ቃሉን አጥቼው እንጂ። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለ አፍንጫ!

ወንድምሽ


ኅዳር 10

ወንድም ጋሼ፣

በመጀመሪያ፣ የለም፣ ሽቶ አልረጨሁባትም። እንዲህ ብለህ መጠየቅህ ራሱ አስደንግጦኛል። ሁለተኛ፣ ልብስ ሰፊዋን ደውዬ አላባበልኳትም። የደወልኩላት ለቀሚስ ነው። ቀሚሱ ሲደርስ ፎቶ እልክልሃለሁ።

አሁን የኔን ስማ። ሦስት ዓይነት ተክዬ ሁለቱን ውርጭ በላቸው። ቴርሞሜትሩን የማነበው እኔ ነኝ፤ ውርጩ እንደሚመጣ ከአገሩ ሁሉ ቀድሜ አውቄ፣ ለአገሩ ሁሉ አሳውቄ፣ የራሴን ጽጌረዳ ሳልሸፍን ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ ጥቁር ሆነው ቆመዋል። ጎረቤቶቼ በኔ ማስጠንቀቂያ ድንቻቸውን አድነው «እግዜር ይስጥሽ» ሊሉኝ መጡ።

ሦስተኛዋን ባሌ ሣጥን ሠራላት። ክዳን አለው፣ ማጠፊያ አለው፣ ውስጡ በጆንያ ተለብጧል። ለኔ እንኳን እንዲህ ያለ ቁም ሣጥን ሠርቶልኝ አያውቅም። ሥሯ ላይ አፈርና ፍግ ቆለልንባት፤ ብርድ ሲገባ ራሱ አናጢው ወጥቶ ይከድናታል፣ «ደህና እደሪ» ሲላትም ሰምቼዋለሁ። በመጨረሻ አበበች። ክሬም ቀለም ናት። በብርዱ ምክንያት ሽታዋ አይበንም፤ አበባው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። አፍንጫህን ስታስገባ ነው የምታገኘው። ቀስ ብላ የምትመጣ ከተባለ ከዚች የበለጠ ቀስ የምትል የለችም ብዬ፣ አሸንፌያለሁ ብዬ ላክኋት።

«አይደለችም» አለች እናታችን። «ብርድ ብርድ ትላለች። ልጄ እዚያ እንዴት ነው የምትኖረው?»

አበባው ተረሳና ሹራብ ላከችልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 5

ቆንጥሬ፣

ይቅርታሽን ለማግኘት ስለ ቀሚሱ አምኜሻለሁ። አሁን ያለሁበት ድንጋጤ ከቀሚስ በላይ ነው።

ጽጌረዳዬ እንዴት እንደሆነች ጠይቀሽኝ ነበር። ጎረምሳ ሆና ነበር እኮ! ከሥሯ አዳዲስ ቀንበጦች እየተተኮሱ ግንቡን ልታልፈው ደረሰች። ደስታዬ ልክ አጣ፤ ውሃውንም ፍጉንም ጨመርኩላት። ያቺ ሮዟ ግንድ መሐል ላይ ስትጠወልግ «አርጅታ ነው፣ ልጆቿ ተክተዋታል» ብዬ ተጽናናሁ። ሳምንቱን የጉልበት ሕመሜ አስተኝቶኝ ስነሳ፣ ግቢው በትንንሽ ነጭ አበቦች ተሞልቷል። አምስት ቅጠል፣ ነጠላ፣ የጫካ። አሸተትኩ። ምንም። ሌላዋን አሸተትኩ። ምንም። መስኮት ብታሸቺ ይሻልሻል።

ነግረሽኝ ነበር። መልካሟን ሙቀቱ ገድሏት፣ እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ሳጠጣና ሳወድስ የኖርኩት የተጣበቀችበትን የጫካ ሥር ነው። የሌላ ሰው ልጅ አሳድጌ ድሬያለሁ።

ግን የደብዳቤዬ ምክንያት ይህ አይደለም። ሾፌሩ በየሳምንቱ መጥቶ እንዲወስድ ነግሬው ነበርና፣ እኔ ተኝቼ ሳለ ራሱ ገብቶ፣ ካገኘው ቆርጦ፣ በብርጭቆ ከድኖ ወስዶላታል። ነጯን! ስሰማ ላቤ ወረደ፤ እርግጥ እዚህ ላብ ዜና አይደለም። ስልኩን አንስቼ ልብስ ሰፊዋን ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀደመችኝ፦

«እንኳን ደስ ያለህ! እማማ ‹እስካሁን ከመጡት ሁሉ ይቺ ቀርባለች› አሉ እኮ!»

«አንቺስ ሸተተሽ?»

«እኔማ ጉንፋን ይዞኛል።»

ከዚያ ወዲህ ሽንኩርቱን፣ ሳሙናውን፣ የጫማ ቀለሙን ሳሸት እውላለሁ፤ ሁሉም ይሸተኛል። አፍንጫዬ ደህና ከሆነ፣ እናታችን ከዚያች አበባ ውስጥ ምን አገኘች? አንቺ በሙቀትና በቁጥር የምታምኚ ሰው ነሽ፤ እስቲ አንድ ነገር በይኝ።

ወንድምሽ


ጥር 12

ወንድም ጋሼ፣

ዝም ያልኩህ ሳላውቅ አይደለም፤ ያወቅሁትን የምጽፍበት እጅ አጥቼ ነው። አዎ፣ እማዬ ጋ ሄጄ ነበር። አዎ፣ ሳልነግርህ። አትቆጣኝ፤ አንብበህ ስትጨርስ ለመቆጣት አቅም አይኖርህም።

ደብዳቤህን ሳነብ የመጣብኝ ሐሳብ አንድ ነው፤ መሣሪያ ትክክል ይሁን አይሁን የምናውቀው፣ አስቀድመን የምናውቀውን ነገር ስናስለካው ነው። ስለዚህ ጠዋት እማዬ ስትታጠብ ወጥቼ፣ ከገዛ ቁጥቋጦዋ፣ ከዚያችው ከደጃፏ ካለችው፣ የተከፈተች አንድ አበባ ቆረጥኩ። በጥጥ ጠቀለልኩ። ብርጭቆ ውስጥ ከደንኩ። ለልብስ ሰፊዋ በአጥር አቀበልኳትና «አሁን ከአውቶቡስ የመጣ ነው በይ» አልኳት። ሴትዮዋ ፊቷ ተለዋወጠ። «ይቅርብሽ፣ ልጄ» አለችኝ። እኔ ግን እልህ ይዞኛል።

ይዛው መጣች። እማዬ ተቀመጠች። ክዳኑ ሲከፈት ክፍሉን ሞላው፣ ወንድም ጋሼ! ያቺው ናት፣ ልጅነታችን በሙሉ። ዓይኔ እንባ ሊሞላ ሲል ታገልኩትና እንደ ድንጋይ ፊቴን አደረቅሁ። እማዬ አፍንጫዋን አስጠጋች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አንዱን ገለጥ አድርጋ ፊቴን አየችው፤ የልብስ ሰፊዋንም አየችው። ልብስ ሰፊዋ ጣራ ጣራውን ታያለች።

«ይቺማ ጭራሽ የባሰች ናት» አለች እማዬ። «ሳሙና ሳሙና ትላለች።»

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ዕድሜዋን ሙሉ ያሳደገቻትን፣ በየቀኑ በራፏ ላይ የምታልፋትን ካላወቀቻት፣ ነገ እኛን አታውቀንም ማለት ነው። ልታረቃት የመጣሁ ሰው ነኝ እኮ፤ ማን እንደሆንኩ ካላወቀች ከማን ጋር ነው የምታረቀው?

ከእንግዲህ ውድድር የለም። ሐኪም ይያት። ጣቢያው ፈቃድ ስለከለከለኝ አንተ ሂድ። ከሐኪም ቤት አንተ ጋ ውሰዳት፤ አልከራከርህም። እንዲህ ሆኜ እሸነፍልሃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እህትህ


ጥር 22

ቆንጥሬ፣

አዎ፣ እሄዳለሁ። አዎ፣ የነርቭ ሐኪም ነው፣ ቀጠሮም ይዣለሁ። የለም፣ ለሷ «ለጉልበቴ አብረሽኝ ሂጂ» ነው ያልኳት፤ ጉልበቴ እውነትም ስለሚያመኝ ውሸቱ ግማሽ ነው።

ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ። መጋረጃ አስሰቅያለሁ፣ የባለቤቴን ወንበር ከመስኮቱ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ያንን ወንበር ማንም እንዲቀመጥበት ፈልጌ አላውቅም ነበር። ነጯን የጫካ ቁጥቋጦ ልነቅላት ተነስቼ ተውኳት፤ «ቀርባለች» ያለቻት እሷን ብቻ ስለሆነ።

አሸንፌ እንዲህ አዝኜ አላውቅም። እርግጥ ብዙ አሸንፌም አላውቅም።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ወንድም ጋሼ፣

ሐኪም ቤት ከሄዳችሁ ሰነበታችሁ፤ አንተ ግን ዝም! ልብስ ሰፊዋ ጋ ስደውል «እሱ ይንገርሽ» ብላ ትዘጋብኛለች። በሽታው ያን ያህል ነው? መንገዱን ቻለችው? ሙቀቱን ቻለችው? ያንተ ቤት ደረጃ አለው፤ ባሌ መደገፊያ ሠርቶ ሊያመጣ ዝግጁ ነው። እኔን ትጠራለች? ስሜን ታውቀዋለች? ምንም ይሁን ጻፍልኝ። የተቀመጠ ሰው አይወድቅም፤ ተቀምጬ ነው የምጠብቀው።

እህትህ


የካቲት 11

ቆንጥሬ፣

ይቅርታ። ስሜን ታውቀዋለች ወይ ላልሽው፣ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለሽ የሰበርሽውን ሳህን ቀለም ጭምር ታውቃለች። መንገዱን ቻለችው ወይ ላልሽው፣ አልሄደችበትም። ይህን የምጽፍልሽ ብቻዬን ከቤቴ ሆኜ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። አምስት ቃል ነገራትና ሌላ ሌላ ነገር ካወራት በኋላ ይድገሙልኝ አላት። ደገመች። ከዚያ ሳይጠይቃት ወደ ኋላ ጀምራ ደገመች። እኔም በልቤ አብሬ ስደግም ነበርና ሁለቱ ጠፉብኝ። ጥፋቴ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም፤ ሐኪሙ ወደኔ ዞሮ «እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?» አለኝ። እናታችን «እሱ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው» ብላ አዳነችኝ።

የጽጌረዳውን ነገር ለሐኪሙ ሹክ አልኩት። ነጯን፣ ሳሙናውን፣ ሁሉንም። ጥቂት አሰበና አንድ የጥጥ ቁራጭ ከጠርሙስ ነክሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። እኔ ከወንበሬ ሆኜ አፍንጫዬን ያዝኩ። እሷ በረጅሙ ሳበች፣ ወደኔ አየች፣ «ትንሽ ኃይለኛ ናት» አለች። ሐኪሙ እኔን ወደ ኮሪደር አስወጣኝና በሩን ዘጋው። ሲስቁ ይሰማኝ ነበር፤ ሁለቱም።

ሲወጣ ጭንቅላቷ ከኔም ካንቺም የተሻለ እንደሆነ፣ የምትኖርበትንም ቦታ ራሷ መምረጥ እንደምትችል ነገረኝ። ያለውን ሁሉ በፈቃዷ ነው የነገረኝ። የቀረውንም እዚያው ኮሪደር ላይ ነገረኝ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ለዚህ ነው፤ በየቀኑ እጀምርና ዓረፍተ ነገሩ እውነት አልመስል እያለኝ እሰርዘዋለሁ። አራሚ ነኝና።

ቤቷ ስንደርስ ገና አንዱን ጫማዬን ሳላወልቅ ሻንጣዬን ራሷ በራፉ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልብስ ሰፊዋ በአጥር ላይ ሆና ታየናለች። እናታችን ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

«ለእህትህ ንገራት» አለችኝ፤ «አሁን የመላክ ተራው የሷ ነው። ደግሞ ሲያመጡልኝ አትቅር ትምጣ።»

አውቶቡስ ላይ ስወጣ ሾፌሩ «እማማ እንዴት ናቸው?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት።

ሐኪሙ የነገረኝ ይኸውልሽ፦ እናታችን በሰባት ዓመቷ ከያዛት ትኩሳት ወዲህ ምንም ነገር አሽትታ አታውቅም።

ወንድምሽ